ሜታል ቦክስን ሪኢሹ ማድረግ ማለት የትኛውን ሜታል ቦክስ?

(በቃል ያወራሁትን ነው የጻፍኩት፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ ግን አነጋገሩን ብዙ አልነካካሁትም። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ውስጥ የተወሰኑትን መጨረሻ ላይ አድርጌያለሁ።)

እሺ እንጀምር። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቆርቆሮ ነው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ድሮ የሲኒማ ፊልም ይቀመጥበት የነበረ አይነት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ላይ የባንዱ አርማ ጎበጥ ብሎ ወጥቷል፣ ከዛ ውጪ የዘፋኝ ፎቶ የለ ምን የለ። ስትከፍቱት ሶስት ባለ 12 ኢንች ሸክላ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ተጠቅጥቋል፣ በመሃላቸው ክብ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ኖቬምበር 1979 እንግሊዝ ውስጥ ቨርጂን ሪከርድስ ያወጣው የፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ ሁለተኛ አልበም ነው፣ ስሙም በቃ ሜታል ቦክስ።

ለማታውቋቸው ቶሎ ብዬ ልለፍ። ጆን ላይደን ይዘፍንበት የነበረው የፐንክ ባንድ ሴክስ ፒስትልስ በ1978 መጀመሪያ ላይ ሲበተን ከዛ ሁሉ ጩኸት ወጥቶ አዲስ ባንድ አቋቋመ፣ ቤዝ ላይ ጃ ዎብል፣ ጊታር ላይ ኪት ሌቪን። ሌቪን ክላሽ የሚባለውን የፐንክ ባንድ ከመሰረቱት ልጆች አንዱ ነው፣ ገና ሲጀምሩ ነው ጥሏቸው የወጣው፣ እና እዚህ አልበም ላይ የሚጫወተው ጊታር ከአሉሚኒየም የተሰራ ነው፣ ድምፁም እንደዛው ነው ቀዝቃዛና ስለታም። ድራመር ደግሞ አልተቀመጠላቸውም፣ አንዱ ሲመጣ አንዱ ሲሄድ አልበሙ ላይ ብዙ እጅ አለበት፣ አንዳንዱን ራሳቸው ናቸው የመቱት። ማርቲን አትኪንስ የሚባለው ልጅማ ልሞከር ብሎ መጥቶ ሙከራው ራሱ ተቀድቶ አልበሙ ውስጥ ገባ፣ ባድ ቤቢ የሚለው ትራክ ማለት ነው። ፖስት ፐንክ ስንል አብዛኛው ሰው የፐንክ ታናሽ ወንድም ነገር ይመስለዋል፣ ይሄን አልበም የሰማ ሰው ግን ፐንክ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው የሚያገኘው፣ ረጅም፣ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ ቤዙ ፊት ቆሞ ሌላው ሁሉ ከሩቅ የሚሰማበት።

አሁን እኔ የምለው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ይሄ አልበም እንደገና በታተመ ቁጥር (ሪኢሹ የምንለው እሱን ነው) ሰው የሚያወራው ስለ ቆርቆሮው ነው። ክብ ነው አራት ማዕዘን ነው፣ አርማው እንደ ድሮው ወጥቷል ወይ ምናምን። እኔ ደግሞ ቆርቆሮው ቢቀር ግድ የለኝም ነው የምለው። ከዛ እቃ ውስጥ ሙዚቃ የሆነው ቆርቆሮው አይደለም፣ ስድስቱ ገጽ ነው። ሶስት ሸክላ፣ ስድስት ገጽ፣ በ45 ስፒድ፣ በደቂቃ 45 ዙር ማለት ነው። እሱ ከተነካ ሌላ አልበም ነው የምትሰሙት፣ ዘፈኖቹ አንድ አይነት ቢሆኑም።

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ፊዚክስ ልግባ፣ አትፍሩ አጭር ነው (አጭር አይደለም)።

ሸክላ ላይ ቤዝ ማለት ቦታ ማለት ነው። ድምፁ የተቀረጸበት መስመር፣ ግሩቭ የምንለው፣ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም ይወዛወዛል፣ ቀጭን ድምፅ ሲሆን ትንሽ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቤዝ ማለት በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ የሚሄድ ሰው ነው በሉት፣ እሱ እንዲያልፍ ጎረቤቱ ያለው መስመር መራቅ አለበት። መስመሮቹ ከተራራቁ ደግሞ ገጹ ላይ የሚገባው ደቂቃ ይቀንሳል። ለዛ ነው ሸክላ ሲቆረጥ፣ ማለትም ግሩቩ ሲቀረጽ፣ ቤዙ አስቀድሞ ተቀንሶ የሚቆረጠው፣ ከዛ ቤት ስታጫውቱት ፎኖ ፕሪአምፑ፣ ከመርፌው የሚመጣውን ድምፅ የሚያጎላው እቃ፣ የተቀነሰውን መልሶ ይጨምረዋል፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁሉም በአንድ ስታንዳርድ ነው የሚሰራው። ግን እሱም ቢሆን ገደብ አለው። አንድ ገጽ ላይ 20 እና 22 ደቂቃ ከጫንክ ካቲንግ ኢንጂነሩ፣ ሸክላውን የሚቆርጠው ሰው፣ ያለው ምርጫ ወይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው ወይ ቤዙን መላጨት ነው፣ ሌላ አስማት የለም።

ሜታል ቦክስ በጠቅላላው 60 ደቂቃ ገደማ ነው። ለስድስት ሲካፈል 10 ደቂቃ ለገጽ። 10 ደቂቃ! ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ! ሜዳ ነው በቃ፣ ዎብል እንደፈለገው ይዋኝበታል። ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ በ33 ሲዞር ዳር ላይ መርፌው ስር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያልፈው፣ በ45 ግን ወደ 69 ይደርሳል። ወደ መሃል እየተጠጋ ሲሄድ ክቡ ስለሚጠብ ይሄ ቁጥር ይወርዳል፣ በ33 መጨረሻ ላይ ከ21 ብዙም አይበልጥም፣ ለዛ ነው የብዙ አልበሞች የገጽ ማለቂያ ዘፈን ላይ ሲምባሉ የሚሻክረውና "ስ" የሚለው ድምፅ የሚቀደደው። ስለዚ የገጹ ማጠር ቤዙን ጠቀመ፣ ፍጥነቱ ደግሞ የሌቪንን ጊታር ጠቀመ። ሁለቱ ጫፎች ሰፊ ቦታ አገኙ መሃሉ ባዶ ሆነ፣ የአልበሙ ድምፅ እሱ ነው እኮ።

ይሄን ከየት አመጡት ካላችሁ ከጃማይካ ነው ባይ ነኝ። ዎብልም ላይደንም የሬጌና የደብ (ሬጌን ቤዙን አጉልቶ፣ ሌላውን ድምፅ እያስገባ እያወጣ እንደገና የሚሰራ ስልት ነው) ሰዎች ናቸው፣ ላይደን ፒስትልስ እንደተበተነ በ1978 ቨርጂን ይዞት ጃማይካ ሄዷል፣ ኩባንያው የሬጌ አርቲስት ሲፈልግ ማለት ነው። በዛን ጊዜ የደብ ሰዎች አንድ ዘፈን ለብቻው ትልቅ ሸክላ ላይ አድርገው በ45 መቁረጥ ይዘው ነበር፣ ሳውንድ ሲስተም ላይ፣ ለጭፈራ በሚተከሉት ትልልቅ ስፒከሮች፣ ደረት እንዲመታ፣ የዲስኮ ሰዎችም ኒውዮርክ ላይ እንደዛው። ሜታል ቦክስ ያደረገው ያንን ለጭፈራ የተሰራ ፎርማት ወስዶ ማንም የማይጨፍርበትን ነገር እሱ ላይ መጫን ነው። ላይደን እናቱ በካንሰር ስትሞት የጻፈውን ዘፈን መጀመሪያ ሲንግል አድርገው ሲያወጡት ስሙን ዴዝ ዲስኮ ነው ያሉት፣ አልበሙ ላይ ስዋን ሌክ ሆነ፣ ጊታሩ ውስጥ ስዋን ሌክ ከሚባለው የቻይኮቭስኪ ባሌ የተወሰደ ዜማ ስላለ። ሀዘን በጭፈራ ምት ማለት ነው፣ እና እንግሊዝ ቻርት ላይ 20 ውስጥ ገባ፣ እስቲ አስቡት።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። አልጠላውም፣ አትሳሳቱ፣ ውብ እቃ ነው። ግን ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ ውድ ነው፣ ባንዱ ከተከፈለው ቅድሚያ ሲሶውን፣ 33,000 ፓውንድ ገደማ፣ ለኩባንያው መልሶ ነው ያሰራው፣ እና 60,000 ገደማ ብቻ ነው የወጣው። ሁለተኛ፣ ሸክላ ይጎዳል። ጥብቅ ስለሆነ ለማውጣት ትገለብጡታላችሁ ወይ ጥፍራችሁን ትሰዳላችሁ፣ ሶስቱም አንድ ላይ ዱብ ይላሉ፣ ይፋቃሉ። አመታት ሲያልፉ ቆርቆሮው ራሱ ይዝጋል። ዛሬ የምታገኙት ኦሪጂናል አብዛኛው ጭረት አለበት፣ ዲዛይኑ ነው ያስቧጨረው። የዛን ጊዜ ልጆች ግን እንደዚህ አይነት ክፋት ይወዱ ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ ፋክተሪ ሪከርድስ የዱሩቲ ኮለምን የመጀመሪያ አልበም በብርጭቆ ወረቀት አሽጎ አወጣው፣ አዎ ያ አናጺ የሚያለሰልስበት ወረቀት፣ መደርደሪያ ላይ ጎኑ ያለውን ሸክላ ሁሉ እንዲፍቅ። ሲለጥፉ የነበሩት የጆይ ዲቪዥን፣ የዛው ኩባንያ ሌላ ባንድ፣ ልጆች ናቸው ይባላል።

እና አሁን ዋናው ጨዋታ። የሜታል ቦክስ የመጀመሪያው ሪኢሹ መቼ ወጣ? ከሶስት ወር በኋላ! ፌብሩዋሪ 1980፣ ሰኮንድ ኤዲሽን ተብሎ፣ ሁለት ሸክላ፣ በ33፣ በሚከፈት የካርቶን ሽፋን፣ ፊታቸው በሌንስ ተጣሞ የሚታይ ፎቶ ያለበት። ብዙ ሰው፣ በተለይ አሜሪካ ያለው፣ አልበሙን የሚያውቀው በዚህኛው ነው። ደቂቃው ለገጽ 15 ገደማ ነው የሚደርሰው፣ ይሄ መጥፎ አይደለም፣ ከአብዛኛው የዛን ዘመን ሸክላ ይሻላል እንዲያውም። ነገር ግን የዘፈኖቹ ቅደም ተከተልም ተነካ። ሶሻሊስት ከመጨረሻው ገጽ ወደ መሃል መጣ፣ ኖ በርድስ ወደ መጨረሻ ሄደ።

ከሁሉ በላይ ግን አልባትሮስ። አልባትሮስ ከ10 ደቂቃ ተኩል በላይ ነው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ካለው የመጀመሪያው ሸክላ አንድ ሙሉ ገጽ ለብቻው ይዟል። አንድ ዘፈን ሰማችሁ፣ አለቀ፣ መርፌው ተነሳ፣ ዝም። ከዛ ተነስታችሁ መገልበጥ አለባችሁ፣ ወይም አትገለብጡም፣ በቃኝ ትላላችሁ። ሁለቱ ሸክላ ላይ ግን አልባትሮስ እንዳለቀ ሜሞሪስ ተከትሎት ይገባል። ዝምታው ተሰረዘ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለኔ ግን በጣም ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም ያ ዘፈን የሚከብዳችሁ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለ ሜሞሪስ ካነሳን፣ ጆሮ ሰጥታችሁ ከሰማችሁት መሃል ላይ ድምፁ ድንገት ይቀየራል፣ የቀጠነና የራቀ የነበረው ወፍሮ ፊታችሁ ይመጣል፣ ከዛ ተመልሶ ይሄዳል። ሁለት የተለያየ ሚክስ ቆርጠው ነው ያገጣጠሙት፣ ስፌቱንም አልደበቁትም። ታዲያ ሪማስተር የሚያደርግ ሰው ስራው ምንድነው፣ ድምፅ ማስተካከል አይደል? ያልተስተካከለ ነገር ሲያይ እጁን ያሳክከዋል። ይሄን ስፌት ትንሽ ብትለሰልሰው፣ ትንሽ ኮምፕረስ ብታደርገው፣ ማንም አይከስህም፣ ስቲከሩ ላይም "ድምፁ የተሻሻለ" ተብሎ ይጻፍልሃል፣ ግን ዘፈኑን ገደልከው። እኔ አንድ የሜታል ቦክስ ሪኢሹ ሲመጣ መጀመሪያ የማደምጠው እሱን ቦታ ነው። ዝላዩ ካስደነገጠኝ ሌላውን እሰማለሁ፣ ካላስደነገጠኝ የዛን ሪኢሹ ቆርቆሮ ለእስክሪብቶ ማስቀመጫ አድርጉት።

ሌላው ሎክድ ግሩቭ የሚባለው ነው። የሸክላ ግሩቭ ከዳር ወደ መሃል የሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ራሱ ላይ ተዘግቶ ክብ ይሆናል፣ መርፌው ያለማቋረጥ እዛው ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ያ ክብ ባዶ ነው፣ ጭ ጭ ነው የሚለው። ስዋን ሌክ ማለቂያ ላይ ግን ባዶ አይደለም፣ ዘፈኑ ክቡ ውስጥ ገብቶ እዛው ይደጋገማል፣ እናንተ ተነስታችሁ እስክታነሱት ድረስ አያልቅም። ለሞተች እናት የተዘፈነ ዘፈን ነው እንዳልኳችሁ። በ45 አንድ ዙር አንድ ሰከንድ ከሲሶ ነው፣ በ33 ደግሞ 1.8 ሰከንድ፣ ስለዚ ስፒዱን ስትቀይሩ ዙሩ የሚይዘው የድምፅ ርዝመት ራሱ ይቀየራል፣ እንዳለ ገልብጬ ላዙረው ብትሉ አይሆንም፣ እንደገና መስራት አለባችሁ። ሲዲ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ፋይል ላይም የለም፣ ሰከንዱ ቆጥሮ ያልቃል።

ከዛ በኋላ የመጡትን ቶሎ ቶሎ ልበል። በ1990 ቨርጂን ሲዲውን በትንሽዬ ክብ ቆርቆሮ አወጣው፣ ያምራል፣ መጫወቻ እቃ ነው፣ በቃ። በ2006 ፎር ሜን ዊዝ ቢርድስ የሚባል የአሜሪካ ሪኢሹ ሌብል ሶስቱን ሸክላ በክብ ቆርቆሮ አድርጎ መለሰው፣ ቢያንስ ቅርጹን ስድስት ገጽ አድርጎ መጠበቁ ያስመሰግነዋል። በ2016 ደግሞ ትልቁ ሳጥን መጣ፣ አራት ሸክላ ወይም አራት ሲዲ፣ ሚክሶች፣ የሬዲዮ ቅጂዎች፣ ማንቸስተር ራስል ክለብ በ1979 የተቀዳ ላይቭ ያለበት፣ እና ሳጥኑ አራት ማዕዘን ብረት ነው። ሰው በዚህ ተናደደ፣ ክብ መሆን ነበረበት ብሎ። እኔ አራት ማዕዘኑ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቢያንስ የድሮው ነኝ ብሎ አይዋሽም። ላይቩ ደግሞ ለብቻው ያዋጣል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተገጣጥሞ የተሰራ የሚመስለውን ነገር መድረክ ላይ ቆመው ሲያደርጉት ትሰማላችሁ።

ይሄ የፒል፣ ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ በአጭሩ፣ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዛው ዘመን ደቡብ ለንደን ውስጥ ዲስ ሂት የሚባል ባንድ ነበረ፣ ሶስት ሰው፣ ቻርልስ ሄይዋርድ፣ ቻርልስ ቡለን፣ እና ጋሬዝ ዊልያምስ። ዊልያምስ ሲገባ ምንም መሳሪያ መጫወት አይችልም ነበር፣ ለዛ ነው የፈለጉት እንዲያውም። ብሪክስተን ውስጥ የፓይ ፋብሪካ የስጋ ማቀዝቀዣ የነበረ ክፍል ተከራይተው ስቱዲዮ አደረጉት፣ ኮልድ ስቶሬጅ አሉት። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1979 ሲወጣ ቅጂው ሁለት አመት ከምናምን ፈጅቶ ነበር፣ ቴፕ እየቆረጡ፣ ሉፕ እያደረጉ፣ ርካሽ ካሴት ላይ የቀዱትን ከስቱዲዮ ቅጂ ጋር እያጋጩ። ሁለተኛው ዲሲት የሚለው 1981 ላይ በራፍ ትሬድ ወጣ፣ የኒውክሌር ጦርነት ፍርሃት ነው ከዳር እስከ ዳር፣ አንዱ ዘፈን ግጥሙ በቀጥታ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ነው።

ለኔ ግን ለዛሬው ወሬ የሚሆነው በሁለቱ አልበም መሃል በ1980 ያወጡት ባለ 12 ኢንች ነው፣ ሄልዝ ኤንድ ኤፊሸንሲ። የጀርባው ገጽ ላይ ያለው ነገር ግራፊክ ቫሪስፒድ ይባላል፣ የተሰራው በፈለጋችሁት ስፒድ እንድታጫውቱት ነው። በ33 ብታደርጉት ትክክል ነው፣ በ45 ብታደርጉት ትክክል ነው፣ ሌላ ስፒድ ያለው ማጫወቻ ካላችሁም ትክክል ነው። ረጅም ተጎታች ድምፅ ነው፣ ስፒዱ ሲቀየር የድምፁ ቅጥነትና ውፍረትም ርዝመቱም ሌላ ይሆናል። እና ይሄን ሲዲ ላይ ስታደርጉት ምን ይፈጠራል? አንዱን ስፒድ መርጣችሁለታል። ሌሎቹን ጥላችኋል። በ2016 ላይት ኢን ዚ አቲክ ሁለቱን አልበምና ይሄንን እንደገና በሸክላ ሲያወጣ ብዙ ሰው "ወይ የድሮ ናፍቆት" ነበር ያለው፣ እኔ ግን የዛኛውን ገጽ ነገር ሳስበው ናፍቆት አይደለም፣ ያ ስራ ከሸክላ ውጪ ሙሉውን መኖር አይችልም፣ አድማጩ እጁን ማጫወቻው ላይ ማድረግ አለበት። ሶስቱም ገበያ ላይ በሸክላ ጠፍተው ለብዙ ጊዜ ውድ ሆነው ነበር፣ ዊልያምስ በ2001 ነው የሞተው፣ ይሄን አላየም።

የብሪስቶሎቹ ዘ ፖፕ ግሩፕ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ዋይ የሚለው የ1979 አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው ዴኒስ ቦቬል ነው፣ የእንግሊዝ ሬጌ ትልቅ ሰው፣ እና አልበሙ በደብ መንገድ ነው የተበታተነው፣ ድምፅ ይገባል ይወጣል፣ ድንገት ይጮሃል ድንገት ይጠፋል። በ2019፣ 40 አመቱ ላይ፣ ሚዩት ሪከርድስ እንደገና ሲያወጣው አቢ ሮድ ስቱዲዮ በሃፍ ስፒድ ነው የተቆረጠው። ሃፍ ስፒድ ማለት ቴፑም መቁረጫው ማሽንም በግማሽ ፍጥነት ይሄዳሉ፣ መቁረጫው ጫፍ ለቀጫጭኑ ድምፅ እጥፍ ጊዜ ያገኛል፣ ስለዚ ሲምባልና የጊታር ጫፍ ጥርት ይላል። ስቲከር ላይ ሲጻፍ የክብር ሜዳሊያ ነው የሚመስለው። ግን ነጻ አይደለም፣ ሁሉም ነገር በግማሽ ሲወርድ ቤዙም በግማሽ ይወርዳል፣ መሳሪያው ወደማይመቸው ወደ ታች ነው የሚገባው። ሮክ ለሚባለው ሙዚቃ ምንም አይደል ይሆናል። ደብ ለቀመሰ ባንድ ግን ጥቅሙና ጉዳቱ አብሮ ነው የሚመጣው፣ ስቲከሩ ደግሞ አንዱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ስቲከር ካነሳን... "ከኦሪጂናሉ ማስተር ቴፕ" ሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥያቄው የቱ ማስተር? ሚክሱ ያለቀበት ቴፕ አለ፣ ለሸክላ ተብሎ ድምፁ ተስተካክሎ የተቀዳ ኮፒ አለ፣ ለሌላ አገር ሌብል የተላከ የኮፒ ኮፒ አለ፣ ሳጥኖቹ ላይ ደግሞ ሁሉም ላይ ማስተር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በዛ ላይ የ70ዎቹና የ80ዎቹ ቴፖች አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ይለጣጠፋል፣ እንዳለ ብታዞሩት ድምፁ ያለበት ሽፋን እየተፋቀ ይቀራል። መድሃኒቱ ቴፑን በዝቅተኛ ሙቀት፣ 54 ዲግሪ ገደማ፣ ለሰዓታት መጋገር ነው፣ ቀልዴን አይደለም፣ ከዛ ባለው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ቶሎ ወደ ዲጂታል መገልበጥ። ስለዚ የዛ ዘመን ሪኢሹ ሲወጣ በመሃል ዲጂታል መኖሩ ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም፣ ቴፑን ማዳን ነው።

ከዛ ደግሞ ላከር አለ፣ የሚቆረጥበት ለስላሳው ሰሌዳ፣ ከሱ የብረት ግልባጭ፣ ከብረቱ ሌላ ብረት፣ ከሱ ስታምፐር የሚባለው ማተሚያ ብረት፣ ከስታምፐሩ ነው ሸክላው የሚታተመው። በ2020 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ያለው አፖሎ ማስተርስ የሚባለው ፋብሪካ ተቃጠለ፣ በአለም ላይ ላከር ከሚሰሩት ሁለት ዋና ፋብሪካዎች አንዱ እሱ ነበር፣ ሌላኛው ጃፓን ነው ያለው። ሸክላ ለማተም ሰው ለረጅም ጊዜ ወረፋ ይዞ የከረመው ለብዙ ምክንያት ነው፣ ግን ይሄም አለበት።

እና አንድ ምክር፣ ስቲከሩን ትታችሁ ሸክላውን አዘንብሉትና ግሩቩ ካለቀበት መሃል ላይ እስከተለጠፈው ክብ ወረቀት ያለውን ባዶ ቦታ እዩት፣ እዛ በእጅ የተጫረ ጽሑፍ አለ። ማን እንደቆረጠው የሚታወቀው ከዛ ነው። የእንግሊዝ ፖስት ፐንክ ስትሰበስቡ ፖርኪ የሚል ጭረት ታገኛላችሁ፣ ጆርጅ ፔካም የሚባል ካቲንግ ኢንጂነር ነው፣ እሱ የቆረጠው ሸክላ ድምፁ ጠንካራ ነው እየተባለ ሰው ይፈልገዋል። 180 ግራም ነው፣ ቀለሙ ግልጽ ቢጫ ነው፣ ቁጥር ተጽፎበታል፣ እነዚህ ሁሉ ድምፁ ላይ የሚጨምሩት ነገር የለም። ከባድ ሸክላ ከባድ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ወደ ጥያቄ ልግባ።

አንዲት ልጅ ኦሪጂናል ቆርቆሮ ልግዛ ወይስ ሪኢሹ ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ፣ ለመስማት ከሆነ የተፋቀ ኦሪጂናል አትግዢ፣ ውድ ዋጋ ከፍለሽ የሌላ ሰው ጥፍር ነው የምትሰሚው። ሶስት ሸክላና ስድስት ገጽ የሆነ ንጹህ ሪኢሹ ካገኘሽ እሱን፣ ካላገኘሽ የ1980ውን ሁለት ሸክላ፣ ብዙ ስለታተመ ደህና ኮፒ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። አልባትሮስ ሲያልቅ ግን መርፌውን አንሺና ትንሽ ቆይተሽ መልሺው።

ሌላው ልጅ በመሃል ዲጂታል ካለ ለምን ሸክላ እገዛለሁ አለ። በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለው የአሜሪካ ሪኢሹ ኩባንያ ገዢው ሁሉ ንጹህ አናሎግ ነው ብሎ የገዛቸው ሸክላዎች ውስጥ ዲጂታል እንዳለ ሲታወቅ ከባድ ግርግር ሆኖ ነበር፣ አስታውሱ። ያው ሰዎች ናቸው እኮ ለአመታት የድምፁን ንጹህነት ሲያደንቁ የነበሩት፣ በጆሯቸው አልለዩትም። መዋሸቱ ነው ጥፋቱ፣ ዲጂታሉ አይደለም። እኔ ሸክላ የምገዛው የዲጂታል ጠላት ሆኜ ሳይሆን የገጽ ማለቂያ ስለምፈልግ ነው።

ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ የነበሩት "ልጄ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ስልኬ ላይ አለ አይደል?" አሉኝ። አለ ጋሼ፣ እርስዎም ስልክዎ ላይ ቢሰሙት ዘፈኖቹን በሙሉ ያገኛሉ፣ አልከለክልዎትም። የማያገኙት ስዋን ሌክ ሲያልቅ አለማለቁን ነው፣ ግራፊክ ቫሪስፒድን ደግሞ በእጅዎ ፍጥነቱን መቀየር አይችሉም። እነሱ ካላጓጉዎት ስልኩ ይበቃል። ብቻ በስልኩ ስፒከር አይስሙት፣ ቤዙ ጭራሽ አይወጣም፣ ያለ ዎብል ደግሞ ሜታል ቦክስ የለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከየት ልጀምር የሚል ነበር። አልባትሮስ ላይ አትጀምሩ፣ ብዙ ሰው እዛ ነው የሚሸሸው። ሁለተኛውን ሸክላ አውጡና ፖፕቶንስ ያለበትን ገጽ አድርጉ፣ ድራሙን ራሱ ሌቪን ነው የመታው፣ ጊታሩ እየዞረ እየዞረ ይሄዳል፣ ከሱ ቀጥሎ ኬሪሪንግ አለ፣ ሁለት ዘፈን ናቸው ከዛ ገጹ ያልቃል። ጎረቤት ካላችሁ ቤዙን ቀነስ አድርጉት።